በወላጆች ክርክር መካከል ስላሉ ልጆች

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ፍቺ ለመናገር ነው። ይሁን እንጂ ባልና ሚስት መፋታታቸው መልካም ነው ወይስ ክፉ ነው እያልን ልንሰብክ አይደለም፤ ያንን ሥራ የንስሐ አባቶችና ሽማግሎች ከእኛ ይልቅ ያውቁበታል። እኛን ያስጨነቀን ከፍቺው ጋር አብሮ የሚመጣው፣ «ልጁ ከማን ጋር ይኑር?» የሚለው ክርክር ነው። ንብረት ተቆጥሮ ይከፈላል፤ ቤትም ተሸጦ ገንዘቡ ይካፈላል፤ ልጅ ግን አይቆረጥም። በንግግራችን መጨረሻ ማኅበሩ እጅ አውጥቶ እንዲወስንበት የምናቀርበው አንድ ሐሳብ ስላለን፣ ጥቂት ትዕግሥት እንድታደርጉልን አስቀድመን እንለምናለን።

በከተማችን ብዙ ሰው «ልጅ የእናት ነው፤ ሕጉም እንዲህ ይላል» ሲል ይሰማል። ሌላውም «ወንድ ከሆነ ለአባቱ ነው» ይላል። ሁለቱም አነጋገሮች ዛሬ የሕግ መሠረት የላቸውም። የመጀመሪያው ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የተረፈ ትዝታ ነው። ያ ሕግ በ681ኛው ቁጥር ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጆች አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ለእናታቸው ይሰጡ ይል ነበር። በዚያን ዘመን ፍቺውን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሎች ነበሩ፤ እነርሱም በመሠረቱ በጋብቻው ዕለት የባልና የሚስት ምስክር ሆነው የቀረቡት ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቤቱን ያውቁታል፤ ልጁን በስሙ ይጠሩታል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ዳሩ ግን ጉዳዩ በየቀጠሮው ሲጓተት የሚጎዳው አቅመ ደካማው ወገን፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ ሚስቲቱ ስለ ነበረች፣ ሴቶች ይማረሩበት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ሕጉ እንዲሻሻል ከታገለ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። ፍቺ የመወሰንን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ለሽማግሎች የማስታረቅን ሥራ ተወላቸው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ማውጣት ይችላሉ፤ የአማራ ክልል ለምሳሌ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል።

በአዲሱ ሕግ የአምስት ዓመቱ ደንብ የለም። 113ኛው አንቀጽ እንደሚለው ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤንነታቸውና ስለ ቀለባቸው፣ ወላጆችና ልጆችም እንዴት እንደሚገናኙ አብሮ ይወስናል። ይህንንም ሲያደርግ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል። ሁኔታ ሲለወጥም ውሳኔውን እንደገና ሊያይ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ቃል ደግ ቃል ነው፤ ሰው ይታመማል፣ ሥራ ያጣል፣ ሌላ ያገባል። ነገር ግን ለመጣላት የቆረጡ ሁለት ሰዎች ሲያገኙት ክርክሩ መቼም የማይዘጋ በር ይሆናል። ዛሬ የተወሰነው በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ አቤቱታ ይመለሳል፤ ልጁም አንዱን ክፍል ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ መዝገቡ አብሮት ያድጋል።

ከዚህ ሁሉ ሕግ ውስጥ እኛን ይበልጥ ያስደሰተን አንድ ፍርድ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ነው። ጉዳዩ የመጣው ከደቡብ ነበር። አባት ልጁን ለረጅም ዓመታት ሳያሳድገው ኖረ፤ እናት ሞተች፤ ልጁን ተቀብላ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። በኋላ አባት መጥቶ «ልጄን ስጡኝ» አለ። የበታች ፍርድ ቤቶች የክልሉን የቤተሰብ ሕግ አንብበው፣ አንዱ ወላጅ ሲሞት ልጅ በሕይወት ላለው ወላጅ ነው ብለው ፈረዱለት። የሕጉን ፊደል ብቻ ላየ ሰው ፍርዳቸው ስሕተት አይመስልም። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን የሕገ መንግሥቱን 36ኛ አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 2 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን 3ኛ አንቀጽ ጠቅሶ፣ ከሁሉ በፊት የሚታየው የሕፃኑ ደኅንነትና ጥቅም ነው በማለት ፍርዱን ሻረው። ልጁ ከአክስቱ ጋር ቀረ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ስለ ነበር፣ ያ ፍርድ ለአንድ ልጅ ብቻ የተሰጠ ሆኖ አልቀረም።

እዚህ ላይ የንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ ትዝ የማይለው ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ተካሰሱ፤ ንጉሡ ሰይፍ አስመጣ፤ እውነተኛዪቱ እናት «እርስዋ ትውሰደው እንጂ አይቆረጥ» ብላ ለቀቀች፤ በመልቀቋም ታወቀች። ይህን ታሪክ በልጅነታችን ስንሰማ ደስ ይለን ነበር። ዛሬ በችሎት ደጃፍ ቆመን ስናስበው ግን ያሳዝነናል። በዛሬው ክርክር ለልጇ ብላ የለቀቀች እናት፣ ወይም ለልጁ ብሎ ዝም ያለ አባት፣ «ተወው፤ አይፈልገውም» ይባላል። ስለዚህ ማንም አይለቅም። ጠበቃውም አትልቀቅ ይላል፤ ዘመዱም «ተዋረድህ» ይላል። ሰይፉ እንደ ተመዘዘ ዓመት ይሞላዋል።

ክፍለ ከተማችንን ተመልከቱ። ከጎፋ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡና ጀሞ ያለው ሕዝብ ግማሹ የቆየ ሰፈርተኛ፣ ግማሹ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። በኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ከልደታም ከአራዳም ተነሥቶ በማያውቃቸው ጎረቤቶች መካከል ይገባል። ጋብቻውን ያዩ ሽማግሎች ሩቅ ናቸው፤ አያት ሩቅ ናቸው፤ ክርስትና እናት ሩቅ ናት። በአሮጌው መንደር ባልና ሚስት ሲጋጩ ልጁ አጥር ዘሎ ከእትዬ እገሊት ቤት ምሳውን ይበላ ነበር፤ በአራተኛ ፎቅ ያለ ልጅ የሚዘለው አጥር የለውም። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር እንናገር፤ ደፋሮች ብትሉንም ግድ የለም። አንዳንድ ጊዜ ክርክሩ ስለ ልጁ ይመስላል እንጂ ስለ ቤቱ ነው። ልጁ ከማን ጋር ይሆናል ማለት ማን ከቤቱ አይወጣም ማለት እየሆነ፣ ሕፃኑ እንደ ቁልፍ ይያዛል።

የክፍለ ከተማችን ስም ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም። «የነፋስ ስልክ» አባቶቻችን ያለ ሽቦ መልእክት ለሚያስተላልፈው መሣሪያ የሰጡት ስም ነው። እንግዲህ በተጣሉ ወላጆች መካከል ያለ ልጅም እንዲሁ ሲደረግ እናያለን። «ለአባትህ ቀለብ አልደረሰም በለው» ይባላል። «ለእናትሽ ያንን ሰውዬ ቤት አታስገቢ በያት» ትባላለች። ልጁ የተሸከመውን ቃል ባደረሰ ቁጥር የሚመጣውን ቁጣ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ላኪው እዚያ የለምና። ጥቂት ሲቆይ ልጁ ብልሃት ይማራል፤ ለእናቱ እናቱ የምትወደውን፣ ለአባቱም አባቱ የሚወደውን ይናገራል። ከዚያ ሁለቱም ወደ ችሎት መጥተው «ልጁ ራሱ ነግሮኛል» ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ልጁም አልዋሸም፤ ራሱን ያዳነበት መንገድ ነው።

የአእምሮ ሐኪሞች ይህን የመሰለውን ነገር የመንፈስ ቁስል ይሉታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ ከ9,000 የሚበልጡ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። መመታት፣ መሰደብ፣ እናት ስትደበደብ ማየት፣ እነዚህና የመሳሰሉት መከራዎች በልጅነት በበዙ ቁጥር በአዋቂነት የልብ ሕመሙም፣ መጠጡም፣ ተስፋ መቁረጡም አብሮ እንደሚበዛ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች በፍቺ ላይ ደጋግመው ያገኙት ነገር፣ ልጅን አብዝቶ የሚጎዳው የወላጆች መለያየት ሳይሆን የማያቋርጠው ጠባቸው መሆኑን ነው። ተለያይተው በሰላም የሚያሳድጉ አሉ፤ ሳይለያዩ በየማታው የሚጎዱም አሉ።

ታዲያ የመንፈስ ቁስልን ያገናዘበ ድጋፍ ማለት ምንድን ነው? ነገሩ ትልቅ ስም ያለው ይምሰል እንጂ መነሻው ቀላል ነው። በአገራችን የተናደደ ሰው ሲያጋጥመን «ምን ነካህ?» እንላለን። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ወቀሳ ነው። በዚያ ፈንታ «ምን ደረሰብህ?» ብለን እንጠይቅ ነው የሚለው። በመዝገብ ቤት መስኮት ላይ የሚጮኸው አባት፣ ቀኑንና ወሩን እያምታታች የምትመሰክረው እናት፣ ሁለቱም በቀላሉ «ባለጌ» ወይም «ሐሰተኛ» ይባላሉ። በፍርሃት ውስጥ የኖረ ሰው ግን የደረሰበትን በተራ አይዘረዝርም፤ የበሩን ድምፅ ያስታውሳል፣ ቀኑን አያስታውስም። ይህን የማያውቅ ሰው ሲጠይቃት ትምታታለች፤ በተምታታች ቁጥር አትታመንም፤ ባልታመነች ቁጥር ትምታታለች።

በልጆችም ላይ ምልክቱ ይታያል። ዓርብ ማታ የሚጀምር የሆድ ቁርጠት አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ርክክብ ስላለ ነው። አድጎ ሳለ አልጋ ላይ መሽናት የሚመለስበት አለ። ወላጆች በቤት ደጃፍ መቀባበል ሲያቅታቸው ርክክቡ በፖሊስ ጣቢያ ግቢ ሲሆን ይታያል፤ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለ ልጅ የሌባ ክስ በሚጻፍበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አባቱን ይጠብቃል። ፖሊሶቹን አንወቅስም፤ ብዙዎቹ ሕፃኑን ብስኩት ሲሰጡት አይተናል። ነገር ግን ልጁ እዚያ የተቀመጠው ምን አጥፍቶ እንደሆነ በልቡ ይጠይቃል።

አንድ ጊዜም፣ የት እንደሆነ አንናገርም፣ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እናትና አባቷ ግራና ቀኝ ቆመው «ማንን ትመርጫለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ሰምተናል። ልጅቱ መልስ አልሰጠችም። ጫማዋን ማሰር ጀመረች፤ ጫማዋ ግን ክር አልነበረውም። በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጽ ልጅ ሐሳቡ ይሰማ ይላል። መስማት ማለት ግን ማስመረጥ ማለት አይደለም። ሲነጋ ማን እንደሚቀሰቅሰው፣ ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርሰው፣ ሲታመም ማን ዘንድ እንደሚሄድ ብቻውን በጸጥታ ቢጠየቅ፣ ሳይመርጥ ብዙ ይናገራል።

ስለ ጊዜም አንድ ቃል። በ1973 በአውሮፓ አቆጣጠር ጎልድስታይን፣ አና ፍሮይድና ሶልኒት የተባሉ ሦስት ጸሐፊዎች የልጅ ጊዜ ከአዋቂ ጊዜ የተለየ ነው ሲሉ ጽፈው ነበር። ለዳኛ የሦስት ወር ቀጠሮ አጭር ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ሦስት ወር መልክ የሚረሳበት ጊዜ ነው። ፍርድ ቤቶች በክረምት ለዕረፍት ሲዘጉ አጣዳፊ ጉዳይ የሚያዩ ተረኛ ችሎቶች ይቀመጣሉ፤ ልጅ እናቱን ወይም አባቱን ሳያይ የከረመበት ጉዳይ አጣዳፊ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ሕጉ ራሱ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ልጆቹ አኗኗርና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ባለጉዳዮች ይህን አያውቁም፤ ስለማያውቁም አይጠይቁም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ለይተን እንናገር፤ በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር እንደ ነበረ ታውቃላችሁና። ጠብ ሁሉ የሁለት ሰው ጠብ አይደለም። አንዱ ሲደበድብ ሌላው ሲደበደብ የኖረበትን ቤት «ተጣሉ» ብሎ መጥራት የቋንቋ ስንፍና ነው። በእንዲህ ያለው ቤት «ስለ ልጆቻችሁ ስትሉ ታረቁ» የሚለው የሽማግሌ ቃል፣ በቅን ልብ ቢነገርም፣ ሴቲቱን ወደ ዱላው ይመልሳታል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 በፍርድ ቤት ውስጥ የሚደረግ ማስማማትን ፈቅዷል፤ ለብዙዎች መልካም መንገድ ነው። ፈርቶ የሚቀመጥ ሰው ግን አይደራደርም፤ ይስማማል ብቻ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በቤታችሁ የሚፈራ ሰው አለ ወይ?» የሚል መሆን አለበት፤ ይህም ሁለቱ ተለያይተው ሳሉ መጠየቅ አለበት። መልሱ «አዎ» ከሆነ ማስታረቁ ቆሞ ደኅንነት ይቀድማል። ለዚህም የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን የመሰሉ፣ እናቶችን ከነልጆቻቸው የሚያስጠጉ ድርጅቶች በከተማችን ተቋቁመዋል።

መንግሥት ምንም አልሠራም አንልም። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ፣ ለሕፃናት የሚስማሙ ችሎቶች እንዲደራጁና ማኅበራዊ ሠራተኞች የቤተሰብ ችሎቶችን እንዲረዱ አድርጓል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቤቱን አይታ፣ ልጁን አነጋግራ የምትጽፈው ወረቀት ከአሥር ምስክር ይበልጣል። የጎደለው ቁጥር ነው። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ እስከ 2004 ድረስ ሳይከፈት ቆየ። ሠላሳ ዓመት ያህል ያላሠለጠነ አገር ዛሬ ሠልጣኝ ቢያጥረው አይደንቅም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? የምናቀርበው ሐሳብ፣ ከመካከላችን ጥቂቶች ሠልጥነው በክፍለ ከተማችን ወደ ምድብ ችሎቱ የሚመላለሱ ባለጉዳዮችን አጅበው እንዲሄዱ ነው። ጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ጠበቃ አንሆንም፤ ምስክርም አንሆንም፤ ማን ይሻላል ብለንም አንፈርድም። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ውጤቱን፣ የቀለብ ደረሰኙንና የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ በአንድ ማኅደር እናደራጃለን። ባለጉዳይዋ ታሪኳን ለወረዳው፣ ለፖሊሱ፣ ለጠበቃው እየደጋገመች እንዳታለቅስ አንድ ጊዜ ተረጋግታ ስትናገር እንጽፍላታለን፤ ወረቀቱም የእርስዋ እንጂ የእኛ አይሆንም። በቀጠሮ ዋዜማ ነገ ምን እንደሚሆን፣ የት እንደምትቀመጥ፣ ባልዋን ታገኘው እንደሆነ እንነግራታለን፤ ያልታወቀ ነገር ፍርሃትን ያበዛልና። ለአባትም እንዲሁ ነው። አባት ስለ ልጁ የሚያለቅስበት ቦታ በአገራችን የለውም፤ ስለዚህ ይጮኻል። ልጁ ግድ መምጣት ካለበት ከእርሱ ጋር ከግቢው ውጪ እንቀመጣለን፤ ዳቦና ውሃ እንይዛለን፤ ስለ ወላጆቹ አንድም ጥያቄ አንጠይቀውም።

ሦስት ተቃውሞ ሰምተናል። አንደኛው «የሰው ገመና ነው፤ ተማሪ ምን አገባው?» የሚል ነው። ገመናው ግን በችሎት ደጃፍ ሰው ሁሉ እየሰማው ተዘርግቷል፤ እኛ የምንሸፍን እንጂ የምንገልጥ አይደለንም። ሁለተኛው «ከእናቶች ጋር ብቻ እንቁም» የሚል ነው። ዱላ ባለበት ቤት ከተደበደበው ጋር እንቆማለን፤ ይህ አያጠራጥርም። ዱላ በሌለበት ግን ለልጁ ሁለት የተረጋጉ ወላጆች ከአንድ አሸናፊ ይሻሉታል። ለዚህም ለአንድ ቤተሰብ ሁለት የተለያዩ ተማሪዎች ይመደባሉ፤ አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለአባት፤ እርስ በርሳቸውም ስለ ጉዳዩ አይነጋገሩም። ሦስተኛው «ሳታገቡ ስለ ፍቺ ምን ታውቃላችሁ?» ነው። እውነት ነው፤ አላገባንም። ልጆች ግን ነበርን፤ ያውም በቅርቡ።

ለድምፅ የሚቀርበው ሐሳብ እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበሩ ከሕግና ከማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች አሥር ሰዎች መርጦ ለአንድ ሴሚስተር ያሠለጥናል፤ ከሥልጠናው በፊት ማንም ባለጉዳይ አያገኝም፤ የባለጉዳይ ስም በማኅበሩ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የፎቶ ኮፒ፣ የታክሲና የዳቦ ወጪ ከአባልነት መዋጮ ይከፈላል።» የሚቃወም እጁን ያውጣ፤ የሚደግፍም እንዲሁ። ለመሠልጠን የሚፈልግ ከስብሰባው በኋላ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ይመዝገብ፤ በወላጆቹ ክርክር መካከል ያደገ ተማሪ ካለ ይህን ለማንም የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ቢነግረን ግን የመጀመሪያውን ባለጉዳይ ብቻውን እንዲያጅብ አናደርግም።